አዲሱን ዲስክ አላይ ያለች ራስፕቤሪ ፓይ፦ የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ጉዳይ ጥናት

ባለጉዳይዋ ራስፕቤሪ ፓይ 5 የምትባል፣ በአንድ ቦርድ ላይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም። የምትሠራው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር የለውም። ስለዚህ ተማሪዎቹ በስልካቸውም ሆነ በቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች በዋይፋይ እሷን ያገኛሉ፤ እሷም ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ታስነብባቸዋለች። የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ አሏት። ጥቂት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቪዲዮዎችም አሏት።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ስላሉት የትም ይገባል። የእንግሊዝኛው ግን ከነፎቶው ሲወርድ ከ100 ጊጋ ባይት ያልፋል። ሲስተሙ ያለው ሜሞሪ ካርድ ላይ ነበር፤ ይህ ሁሉ ጭነት ደግሞ ጎኗ ላይ በተሰካ አንድ ፍላሽ ላይ። አንድ ክፍል ተማሪ በአንዴ ሲገባባት ትንፋሽ ያጥራታል። ፍላሹ ይግላል፤ ሲብስበት ከነአካቴው ይሰወራል። ያኔ ያለው መድኃኒት ነቅሎ መሰካት ነው።

ከትምህርት ቤቱ የተመረቀና አሁን ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ልጅ ይህን ሰምቶ፣ ለእረፍት በሚመጣ ሰው በኩል ሁለት ነገር ላከ። አንዱ ባለ 512 ጊጋ ባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፈጣን ዲስክ ነው። ሌላው ኤስኤስዲውን ከፓይ ጋር የሚያገናኘው ተቀጥላ ቦርድ ነው፤ ኤም ዶት ቱ ሃት ፕላስ የሚባለው የራሱ የራስፕቤሪ ፓይ ምርት። ልጁ ነገሩን አጥንቶታል። ይህ ሃት የሚቀበለው 2230 እና 2242 የሚባሉትን አጫጭር ኤስኤስዲዎች ብቻ ነው፤ ገበያው ላይ የሞላው ረጅሙ 2280 አይገባበትም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። እሱ ግን ትክክለኛውን ልኳል።

የአይሲቲ መምህሩ ገጣጠሙት። አበሩት። ፓይዋ እንደ ወትሮዋ ተነሳች። ዲስኩ ግን የለም።

«ልጄ፣ ዕቃው ሞቶ ነው የመጣው መሰለኝ» አሉኝ በስልክ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የተሠራው በስልክና በቴሌግራም ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ መምህሩ እዚያ። እንዲህ ሲሆን አንድ ጥቅም አለው፤ እጅህ ስለማይደርስ ሳታስብ የምትነካካው ነገር የለም። እያንዳንዱን ነገር ጠይቀህ፣ ፎቶ አስልከህ፣ አይተህ ነው ወደሚቀጥለው የምትሄደው።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን ነጻ ማውጣት ነበረብን። ኤስኤስዲው በከተማዋ ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ተወሰደ። ጠጋኙ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የኤስኤስዲ ማቀፊያ ነበረው፤ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካው ዲስኩ ወዲያው ታየ። እሱ ጤነኛ ነው። ቻርጀሩ ከፓይዋ ጋር የመጣው ባለ 27 ዋት ነው። እሱም አይጠረጠርም። ቀጥሎ ኬብሉ። ሃቱንና ፓይዋን የምታገናኘው ጠፍጣፋ ኬብል ቀጭን ናት፤ አመለኛም ናት። የሶኬቱ መቆለፊያ ከፍ ይላል፣ ኬብሏ እኩል ትገባለች፣ መቆለፊያው ተመልሶ ይጫናል። በአንድ ጎን ትንሽ ብትንጋደድ ከላይ የገባች ትመስላለች፣ ከውስጥ ግን አልተነካካችም። መምህሩን ከላይም ከጎንም ፎቶ አስነሳኋቸው። ቀጥ ብላ ነው የገባችው።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ፓይዋ ዞረ።

ተርሚናል ከፍተው ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትዕዛዝ እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። ይህ ትዕዛዝ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን እንደኛ ዲስክ ካሉ ፈጣን ዕቃዎች ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራል። መምህሩ ደስ ብሏቸው ጠሩኝ። «አለ! አንድ ነገር አይታለች!» ዝርዝሩን ፎቶ አንስተው ሲልኩት ግን ያየችው ነገር ሌላ ነው። ፓይ 5 ላይ ዩኤስቢውን፣ ኢተርኔቱን (የኔትወርክ ኬብል መሰኪያውን) እና ፒኖቹን የሚያስተዳድረው አርፒ1 የሚባለው ቺፕ ራሱ ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር የሚገናኘው በፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ምንም ሳይሰካባት እንኳ አርፒ1 ሁልጊዜ እዚያ አለ፤ ዝርዝሩ ላይ የሚታየውም የኢተርኔት መቆጣጠሪያ ተብሎ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «መስመሩ ይሠራል፣ እንግዲያው ጥፋቱ የዲስኩ ነው» ብሎ ይደመድማል። አይደለም። ለውጭ ዕቃ የተመደበው መስመር ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አልተከፈተም ነበር።

ያ መስመር ፓይ 5 ላይ ሲጀመርም ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። የሚከፍተው ፈርምዌሩ ነው፤ ማለትም ቦርዱ ላይ ተቀምጦ ሲስተሙ ሳይነሳ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም። ሃት ፕላስ የሚባሉት ተቀጥላዎች ላያቸው ላይ ማንነታቸውን የሚናገር አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ፓይዋ ስትበራ ፈርምዌሩ ያችን ቺፕ ያነብና «ይህ የኤስኤስዲ ሃት ነው» ብሎ መስመሩን ራሱ ይከፍታል። ተጠቃሚው ምንም አይጽፍም። ይህ የሚሆነው ግን ፈርምዌሩ ይህን ሃት የሚያውቅ ሲሆን ነው። ፓይ 5 ለገበያ የዋለችው በኦክቶበር 2023 ነው። ሃቱ የወጣው በሜይ 2024 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አምራቹ ራሱ ሃቱን ከመግጠም በፊት ፈርምዌሩ የዲሴምበር 6 ቀን 2023 ወይም ከዚያ ወዲህ መሆኑን አረጋግጡ ይላል።

ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር። የዚህች ፓይ ፈርምዌር የመቼ ነው?

ማስነሻ ፈርምዌሩን የሚያሳይና የሚያድስ ትዕዛዝ አለ። አርፒአይ-ኢኢፕሮም-አፕዴት ይባላል። መምህሩ ጻፉትና መልሱን በቃል ነገሩኝ። «ወቅታዊ ነው ይላል። አፕዴት አያስፈልገውም።»

«መምህር፣ ከሱ በታች ያሉትን መስመሮች ፎቶ ያንሱልኝ።»

ፎቶው መጣ። የመጀመሪያው መስመር እውነትም ወቅታዊ ነው ይላል። ከሥሩ ሁለት ቀኖች አሉ። አንዱ አሁን ቺፑ ላይ ያለው ፈርምዌር ቀን ነው፤ ኦክቶበር 2023። ሌላው አለ የሚባለው አዲሱ ፈርምዌር ቀን ነው፤ እሱም ኦክቶበር 2023።

የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ነው። ይህ ትዕዛዝ ኢንተርኔት ገብቶ አዲስ ነገር አይፈልግም። የሚያወዳድረው ሁለት ነገሮችን ብቻ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለውን ፈርምዌርና ሲስተሙ ውስጥ ፋይል ሆኖ የተቀመጠውን ፈርምዌር። ሲስተሙ የኦክቶበር 2023 ከሆነ ፋይሉም የኦክቶበር 2023 ነው። እኩል ሆነው ሲገኙ ወቅታዊ ነው ይልሃል። አልዋሸም። ከያዘው ጋር አስተያይቶ ነው የተናገረው። በዚህ ትዕዛዝ መታየት ያለበት ቀኑ ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ የሚዘጋ ሰው እንደ መምህሩ ዲስኩን ይጠረጥራል።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ጨመርን። ፓይዋን አጥፍተው፣ ሜሞሪ ካርዱን አውጥተው፣ ሞኒተሩ እንደተሰካ ያብሯት አልኳቸው። የምትነሳበት ካርድ ስታጣ ፓይ 5 ስለ ራሷ የሚናገር ስክሪን ታወጣለች። የቦርዱ ዓይነት፣ የፈርምዌሩ ቀን፣ ከየት ከየት ለመነሳት እየሞከረች እንደሆነ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ይህ ከካርዱ የሚመጣ ወሬ አይደለም፤ በቀጥታ ከቺፑ የሚወጣ ነው። ቀኑ ያው ነው። ኦክቶበር 2023።

ፈርምዌሩ የት እንዳለ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም መምህሩ በመካከሉ «ታዲያ ካርዱን ፎርማት አድርጌ እንደገና ብጭነውስ?» ብለው ነበር። ጥያቄው ከባዶ አልመጣም። እስከ ፓይ 3 ድረስ ፓይ ስትበራ የምታነበው የማስነሻ ፕሮግራም ካርዱ ላይ ነበር። ካርዱን ከቀየርክ ማስነሻውንም ቀየርክ። በጁን 2019 የወጣችው ፓይ 4 ናት ይህን የለወጠችው። ማስነሻውን ቦርዱ ላይ ወደተበየደች የ512 ኪሎ ባይት ቺፕ አዛወረችው። ፓይ 5 ላይ ቺፗ 2 ሜጋ ባይት ሆነች፤ ፓይ 4 ላይ ካርዱ ውስጥ ቀርቶ የነበረው የፈርምዌር ክፍልም ጠቅልሎ እዚያው ገባ። ስለዚህ ያንኑ የ2023 ሲስተም መቶ ጊዜ ብትጭነው ቺፑ ላይ ያለው አይነቃነቅም።

ይህ አሠራር የሚያናድድ ሊመስል ይችላል። ግን ተጠቅመንበታል። ፓይ 4 ስትወጣ ከዩኤስቢ ዲስክ መነሳት አትችልም ነበር። ያ ችሎታ የመጣው በ2020 በፈርምዌር ነው። በ2019 የተገዛች ቦርድ ብረቷ ሳይነካ አዲስ ነገር ተማረች። የኛም ፓይ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ግራ የተጋባሁትም ያኔ ነው። «እኔ እኮ ባለፈው ወር በስልኬ ሆትስፖት አገናኝቼ አፕዴት አድርጌያታለሁ። ስንትና ስንት ዳታ ነው የበላችብኝ! እስከ መጨረሻው ሄዶ ጨርሷል።»

መምህሩ የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ የሚሳሳቱም አይመስሉም። ሲስተሙ እውነት ከታደሰ የፈርምዌሩ ፋይል አብሮ ይታደስና፣ ፓይዋ በቀጣዩ ስትነሳ ራሷ አሮጌው መሆኑን አይታ ማደስ አለባት። እንዲያውም የፓይዋ ሲስተም ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ይህን ሥራ በየማስነሻው የሚሠራ አገልግሎት አለው። ታዲያ የት ገባ?

ፍንጩ የመጣው ከማይመለከተው ቦታ ነው። መምህሩ ወሬ ለማሞቅ ያህል ሌላ ቅሬታ አነሱ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የፓይዋ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ያውም ሁልጊዜ ወደ አንድ ቀን። ተማሪዎቹ መቀለጃ አድርገውታል።

ፓይ 5 የራሷ የሰዓት ቺፕ አላት፤ ባትሪ ካልተሰካላት ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይጠፋባታል። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ቀኑን የምትጠይቀው የለም። ስለዚህ ሲስተሙ መጨረሻ ላይ ካስቀመጠው ቀን ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ያለው የተለመደ ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቀን መመለሱ ግን የተለመደ አይደለም። ትናንት የሠራች ማሽን ቢያንስ ወደ ትናንት ነው መመለስ ያለባት። ወደ አንድ የድሮ ቀን የምትመለሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ካርዱ ላይ ምንም ካልተጻፈ ብቻ ነው።

«መምህር፣ ዲኤፍ የሚለውን ትዕዛዝ ይጻፉልኝና ዋናው ፓርቲሽን ስሙ ምን እንደሚል ያንብቡልኝ።»

ፊደል እየቆጠሩ አነበቡልኝ። ኦቨርሌይ የሚል ቃል አለበት።

አለቀ። ይህን ሰርቨር መጀመሪያ የገጠመው በጎ ፈቃደኛ አስተዋይ ሰው ነበር። መብራት በድንገት ሲጠፋ ሜሞሪ ካርድ የሚበላሸው መጻፍ ላይ እያለ ስለሚቋረጥ ነው። ስለዚህ ራስፒ-ኮንፊግ በሚባለው የፓይ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የኦቨርሌይ አማራጭ አብርቶታል። ይህ ሲበራ ካርዱ ይቆለፋል። ሲስተሙ የሚጽፈው ነገር ሁሉ ራም ላይ ይጻፋል፤ ስትጠፋ ይተናል። የማስነሻውንም ክፍል አብሮ ቆልፎታል። ለመብራት መቆራረጥ ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም። ችግሩ ለማንም ሳይነግር መሄዱ ነው። መምህሩ ያን ሁሉ ዳታ ያፈሰሱበት አፕዴት እውነትም እስከ መጨረሻው ሄዷል። የተጫነው ግን ራም ላይ ነው። ሪስታርት ሲያደርጉ ሁሉም ነገር ወደ ኦክቶበር 2023 ተመለሰ፣ የፈርምዌሩ ፋይልም ጭምር። ከዚያ አገልግሎቱ ሁለቱን አሮጌዎች አስተያየና ወቅታዊ ነው አለ።

አሁን ምን እናድርግ የሚለው ቀረ።

አንድ አቋራጭ ነበር። ኮንፊግ የሚባለው የማስነሻ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨምሮ የውጭውን የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር በግድ መክፈት ይቻላል። ያኔ ሊኑክስ፣ ማለትም ሲስተሙ፣ ዲስኩን ያያል። አልወደድኩትም። እኛ የፈለግነው ዲስኩ እንዲታይ ብቻ ሳይሆን ፓይዋ ከሱ እንድትነሳ ነው፤ ያ ደግሞ የሚወሰነው ሊኑክስ ገና ሳይነሳ፣ ቺፑ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ሃቱን በራሱ የሚያውቅ ፈርምዌር እያለ አሮጌውን በእጅ መደጎም ለሚቀጥለው ሰው ሌላ እንቆቅልሽ መተው ነው። አንዱን እንቆቅልሽ ገና አሁን ፈታን።

ሁለተኛው መንገድ ኦቨርሌዩን አጥፍቶ ሙሉ አፕዴት ማድረግ ነው። ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ግን እንደገና በመምህሩ ዳታ ነው። ያውም ፈርምዌሩ ዲስኩን ያሳየን አያሳየን ገና ሳናውቅ።

ሦስተኛውን መረጥን። ለፈርምዌሩ ብቻ የሚሆን የማዳኛ ካርድ መሥራት። ኢንተርኔት ያለው ሰው ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ቡትሎደር የሚለውን መርጦ ባዶ ካርድ ላይ ይጽፈዋል። ለኛ ግን ከዚህም የቀለለ ነበር። አምራቹ ይህንኑ በዚፕ ፋይል ያወጣዋል፤ ከጥቂት ሜጋ ባይት አይበልጥም። አውርጄ በቴሌግራም ላክሁት። ውስጡ ያሉት ጥቂት ፋይሎች ናቸው፤ አንዱ የማደስ ሥራውን የሚሠራ ፕሮግራም፣ አንዱ ራሱ ፈርምዌሩ፣ አንዱ ደግሞ ፈርምዌሩ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያጣራበት ቁጥር። መንገድ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ቢጎድል ማጣሪያው ይይዘዋል። ይህ ግን ከብልሽት እንጂ ከተንኮል አይጠብቅም። ፈርምዌር ከማንም የቴሌግራም ቻናል አይወረድም። ከአምራቹ ቤት ነው።

ካርዱ ላይ ትንሽ ተቸገርን። መምህሩ የነበራቸው ባዶ ካርድ 64 ጊጋ ባይት ነው። ዊንዶውስ ይህን የሚያህል ካርድ ሲያፀዳ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደግሞ ፋት32 ነው። ከአሮጌ ስልክ የወጣ ባለ 8 ጊጋ ባይት ካርድ ተገኘ። ፋት32 ተደረገ። ዚፑ ተፈትቶ ፋይሎቹ ተገለበጡበት፤ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን እንዲሁ ከላይ።

መምህሩን ያስፈራቸው የመብራቱ ነገር ነው። «ግማሽ ላይ ቢጠፋስ? ጭራሽ ትሞታለች?»

ፍርሃቱ ልክ ነው። ማዘርቦርድ ባዮሱ ሲታደስ መብራት ጠፍቶበት የቀረበት ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ፓይ ላይ ግን ነገሩ ቀለል ይላል። ከዚች ከምትታደሰው ቺፕ በፊት የሚሠራ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተቀርጾ የሚመጣና ማንም ሊለውጠው የማይችል ትንሽ ፕሮግራም አለ። የማዳኛውን ካርድ የሚያነበው እሱ ነው። ቺፗ ግማሽ ተጽፎባት ብትቀር እንኳ ያንኑ ካርድ እንደገና ሰክቶ መጀመር ይቻላል። ለማንኛውም ዩፒኤሱ ላይ ሰኳት። ሃቱንና ፍላሹንም ነቀሏቸው፤ ለሥራው አያስፈልጉም።

ካርዱ ገባ። በራች። ስልኩን አልዘጉትም።

«መምህር፣ መብራቷ ምን ትላለች?»

«አረንጓዴዋ... ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ። አላቆመችም።»

«ስክሪኑስ?»

«ምንም የለውም። አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። ሙሉውን። ተበላሸ እንዴ?»

አልተበላሸም። ተሳካ ማለት ነው። ቢከሽፍ ቀይ ነበር የሚሆነው። ሥራው የጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንዲሁ ብልጭ እያለች ትቆያለች እንጂ በራሷ አትነሳም። አንዳንድ ሰው ይህን አያውቅምና ገና እየሠራች መስሎት ፊቷ ይቀመጣል። አጥፍተው፣ የማዳኛ ካርዱን አውጥተው፣ ሃቱን መልሰው ሰኩ። ያለ ካርድ ሲያበሯት ያ ስለ ራሷ የሚናገር ስክሪን ተመልሶ መጣ፤ ቀኑ ተለውጧል። የድሮውን ካርድ መልሰው ሲያስነሷት ኤልኤስቢኤልኬ የሚለው የዲስክ ዝርዝር ላይ ኤስኤስዲው ተቀምጧል። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ አንዲት መስመር አልተጨመረም።

ከዚህ በኋላ ያለው የዕቃ ማጓጓዝ ሥራ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ኦቨርሌዩን አጠፋን፣ ሪስታርት አደረግን። ከሜኑው ኤስዲ ካርድ ኮፒየር የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው ሲስተሙን ከካርዱ ወደ ኤስኤስዲው ገለበጡ። እዚያ መስኮት ላይ ለፓርቲሽኖቹ አዲስ መለያ ስጥ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ይደረግባት። ካልተደረገባት ካርዱና ኤስኤስዲው አንድ መለያ ይይዛሉ። ሁለቱ አብረው በተሰኩ ጊዜ ሲስተሙ የትኛውን እንደሚከፍት አይታወቅም፤ ከኤስኤስዲው ተነሳሁ ብለህ ከካርዱ ስትሠራ ልትከርም ትችላለህ።

የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ፈርምዌሩ ከየት እንደሚነሳ የሚያውቀው በአንድ ቁጥር ነው፤ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። 1 ሜሞሪ ካርድ ነው፣ 6 ኤንቪኤምኢ፣ 4 ዩኤስቢ። ኤስኤስዲ የገዛ ሰው ሁሉ ቸኩሎ 416 ያደርገዋል፤ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ይሁን ብሎ። ለቤት ጥሩ ነው። እኔ 461 እንዲሆን ነው የመረጥኩት፤ መጀመሪያ ካርድ፣ ካርድ ከሌለ ኤስኤስዲ። ካርዱ ስለሚወጣ በየቀኑ የምትነሳው ከኤስኤስዲው ነው። አንድ ቀን ኤስኤስዲው ላይ ያለው ሲስተም ከተበላሸ ግን መምህሩ ካርድ ከመሰካት ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅባቸውም። ኪቦርድም፣ ሜኑም፣ እኔም አያስፈልጉም። የድሮው ካርድ በፖስታ ታሽጎ ሳጥኗ ላይ ተለጥፏል።

ካርዱን አውጥተው አበሯት። ተነሳች። ዲኤፍ ሲጻፍ ዋናው ፓርቲሽን በኤንቪኤምኢ ስም መጣ።

አሁን ነው ዳታ የሚገባው። በሆትስፖት ተገናኝታ ቀኗን አስተካከለችና ሙሉ አፕዴት ተደረገ። በዚህ ጊዜ ሪስታርት ከተደረገ በኋላም ቦታው ላይ ነበር። ቀኑ ሳይስተካከል በፊት መምህሩ ቸኩለው ሞክረውት ነበር፤ ሲስተሙ የፋይሉ ጊዜ ገና አልደረሰም የሚል ስሕተት አወጣ። እሱ በሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ዛሬ የተፈረመውን ፋይል ከመጪው ዘመን የመጣ አድርጎ ነው ያየው። ጥቂት ጠብቀው ሲደግሙት አለፈ።

የዊኪፔዲያው ፋይሎች ከፍላሹ ወደ ኤስኤስዲው ሲገለበጡ አመሹ። ያዘገየው ኤስኤስዲው ሳይሆን ፍላሹ ነው። በማግሥቱ አንድ ክፍል ሙሉ ገባባት፤ ፍለጋው ሳይንቀራፈፍ ሄደ። ፎቶ የበዛባቸው ገጾች ላይ አሁንም ትንሽ መጠበቅ አለ፤ ያ ግን የዋይፋዩ ድርሻ ነው።

መምህሩ ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ይዘው መጡ። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚል አንብበዋል። ውሸት አይደለም። የፓይ 5 የውጭ መስመር የተፈቀደለት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ጄን 2 (ሁለተኛው ትውልድ) በአንድ መስመር ነው፤ ጣሪያው በሰከንድ 500 ሜጋ ባይት ነው። ጄን 3 እንዲሆን ማስገደድ ይቻላል። አምራቹ ግን ለሱ ማረጋገጫ አልሰጠም፤ ሊንገዳገድ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። ተማሪ የሚያነብበት ሰርቨር ዋይፋዩ ሊያስተላልፈው ለማይችል ፍጥነት ተብሎ አይንገዳገድም። «ይቅር» አልኳቸው። ቀረ።

ሁሉም ካበቃ በኋላ ኦቨርሌዩን መልሰን አበራነው። ኤስኤስዲ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አይነካም የሚሉ አሉ። ርካሽ ኤስኤስዲ ድንገተኛ መቋረጥን የሚችልበት መጠባበቂያ የለውም፤ እሱም ይጎዳል። በዚህ ጊዜ ግን ሳጥኗ ላይ ወረቀት ተለጠፈባት፦ «ይህች ማሽን ተቆልፋለች። አፕዴት ከማድረግዎ በፊት ራስፒ-ኮንፊግ ውስጥ ኦቨርሌዩን ያጥፉ፣ ሪስታርት ያድርጉ፤ ሲጨርሱ መልሰው ያብሩ። ፈርምዌሩን ሲያዩ ቀኑን ያንብቡ።»

የቀረው የሰዓቱ ባትሪ ነው። ለፓይ 5 የሚሆነው ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ክብ ባትሪ ነው፤ ቦርዱ ላይ የራሱ መሰኪያ አለው። ሲመጣ ግን መሰካቱ ብቻ አይበቃም። ቻርጅ ማድረጉ ሲጀመር ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የቮልቴጁ መጠን በአንድ መስመር መጻፍ አለበት። ያች መስመር እስካልተጻፈች ድረስ ባትሪው አይሞላም፤ ኦቨርሌዩ ሳይጠፋ ደግሞ መስመሯ አትጻፍም። መምህሩ ሁለቱንም በማስታወሻቸው ይዘዋል።